ሞተር መለወጥና መኪና ማቆም
(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



የፈረስን ነገር ለአገው ምድር ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ሕዝቡ የሚያደንቀው የፈረሱን ፍጥነት ብቻ አይደለም። በሙሉ ግልቢያ ላይ ያለውን ፈረስ ባሰበው ስፍራ የሚመልሰውንና የሚያቆመውን ጋላቢ ጭምር ነው። ልጓሙ የተበጠሰ ፈረስ ምንም ያህል ቢፈጥን ለባለቤቱ ጌጥ ሳይሆን መከራ ይሆናል።

የሞተር ኀይልም እስከ ዛሬ በፈረስ ጉልበት ይለካል። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር በአንድ ሰከንድ 1 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኀይል 1 የፈረስ ጉልበት ይባላል። እንግዲህ ከአንድ አሮጌ አውቶሞቢል ላይ የ50 ፈረስ ሞተር ወርዶ የ100 ፈረስ ሞተር ሲገባበት ፈረሱ በእጥፍ በዝቷል ማለት ነው። ልጓሙስ? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ ሞተር መለወጥ ለጨዋታ የተጀመረ ሥራ አይደለም፤ የመለዋወጫ ዕቃ መጥፋትና መወደድ የወለደው ብልኀት ነው። ሻንሲው ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ያለቀበት መኪና ከሌላ በወረደ ሞተር ነፍስ ይዘራል፤ የእንግሊዝ ላንድሮቨር የጃፓን ናፍጣ ሞተር ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ይህን የሚያደርገው ሜካኒክ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ሥራው የሚመዘንበት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ «ተነሣ ወይ?» የሚል። ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ከተስተካከለ ባለቤቱ ይከፍላል፤ መኪናውም ወደ መንገድ ይወጣል።

በውጭ አገር ደግሞ ይህንኑ ሥራ ለውድድር የሚሠሩት አሉ። ከእነዚህ መካከል አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ በ1962 እ.ኤ.አ. «ኤስ» የተባለችውን ቀላል የእንግሊዝ መኪና ወስዶ፣ 6 ሲሊንደር ሞተር በነበረበት ስፍራ የፎርድን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር አስገባባት። «ኮብራ» የተባለችው ስመ ጥር መኪና ከዚህ ተወለደች። ይሁን እንጂ በ1965 እ.ኤ.አ. 7 ሊትር የሚሆን የባሰ ትልቅ ሞተር ሲታሰብላት የቀድሞው አካል በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ሻንሲው በወፍራም ቱቦ እንደ ገና ተሠራ፤ ባሌስትራውም በሞላ ተተካ። አዲስ ሞተር አዲስ አካል ይጠይቃልና።

ሼልቢ ግን የፋብሪካ ድጋፍ ነበረው። ለድኻ ተወዳዳሪ የሚቀርበው ምሳሌ በ2006 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተጀመረው «የ24 ሰዓት ሌመንስ» የተባለው ውድድር ነው። ስሙ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ በሚካሄደው በታላቁ የለማን ውድድር ላይ የሚቀልድ ነው፤ በአሜሪካኖች አነጋገር «ሎሚ» ማለት ከተገዛ ጊዜ ጀምሮ ባለቤቱን የሚያስለቅስ ብልሹ መኪና ነውና። በደንቡ መሠረት የመኪናው ወጪ ከ500 ዶላር እንዳያልፍ ተወሰነ፤ ልኩን ያለፈ ቡድን ከሮጠው ዙር ላይ ይቀነስበታል። በዚህ ሜዳ ከወዳደቀ መኪና ላይ የተነቀለ ሞተር ከሌላ ወዳቂ መኪና ጋር ተጋብቶ መታየቱ የተለመደ ነው።

በዚህ ደንብ ውስጥ ግን ልዩ ትኩረት የሚገባው አንድ አንቀጽ አለ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀው የብረት አጥር፣ መቀመጫና ቀበቶ፣ የእሳት ማጥፊያም በ500 ዶላሩ ውስጥ አይቈጠሩም። ቀልደኞቹ ሰዎች በሁሉም ነገር ሲቀልዱ በማቆሚያው አልቀለዱም። በሞተር ላይ ቁጠባ ይፈቀዳል፤ በልጓም ላይ ግን አይፈቀድም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ አዲስ ቅዳም ደጋ ሊመለስ ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው የ100 ፈረስ ሞተር እዚህ ከ75 እምብዛም የሚበልጥ አይሰጥም። ውሃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ሲይዝ መፍያውን ከ20 ዲግሪ በላይ ያርቀዋል፤ ክዳኑ ላልቶ በጨርቅ ከታሰረ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል። በራዲያተሩ መካከል የሚያልፈውም አየር ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ ነው። ትልቅ ሞተር አስገብቶ የቀድሞውን ትንሽ ራዲያተር የተወ ሰው ቴስታታው ሲጣመም ሞተሩን ቢወቅስ ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

ክብደትም ሌላ ጉዳይ ነው። ከቤንዚን ሞተር የሚከብድ ናፍጣ ሞተር ከፊት ሲቀመጥ የፊቱ ባሌስትራ ወይም ሞላ ይወርዳል፤ መሪውም ይከብዳል። ካምቢዮው ለቀድሞው ሞተር ጉልበት የተሠራ ነበርና በአዲሱ ጠምዛዥ ኀይል ጥርሱ ሊረግፍ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የማይታየው ለውጥ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የነጂውን እግር የሚያግዘው የፍሬን ሴርቮ የሚሠራው የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው የመምጠጥ ኀይል ነው። ናፍጣ ሞተር በጠባዩ ይህን ኀይል አይፈጥርም፤ ስለዚህ ፋብሪካው የተለየ የመምጠጫ ፓምፕ ይሠራለታል። ይህም ፓምፕ በብዙ የጃፓን ናፍጣ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ይገኛል። ሜካኒኩ ዲናሞው ተቃጥሏል ብሎ ፓምፕ የሌለው ሌላ ዲናሞ ቢያስር ባትሪው ይሞላል፤ መብራቱ ይበራል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። «ተነሣ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያገኘውም።

ይህ ስሕተት ወዴት እንደሚያደርስ ከአዲስ ቅዳም ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል 58 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 100 ዲግሪ እስኪደርስ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ በዝቅተኛ ማርሽ በሞተሩ ያልተያዘው ትልቁ ክፍል በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ያርፋል። ፍጥነቱም በሰዓት ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ቢያድግ ፍሬኑ የሚያጠፋው ኀይል በአንድ ተኩል እጥፍ ሳይሆን በሁለት እጥፍ ከሩብ ያድጋል። ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ጭኖ የሚወርድ የጭነት መኪናማ ክብደቱ ከዚህ ብዙ ጊዜ የሚልቅ ስለሆነ ሒሳቡ እንዲሁ ይበዛል።

እንግዲህ ለሙያው ባልደረቦች የሚቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሥራው ቅደም ተከተል ይገልበጥ፤ ፍሬኑና መሪው አስቀድሞ፣ ማቀዝቀዣው ቀጥሎ፣ ሞተሩ በመጨረሻ ይታሰብ። የሚገባው ሞተር ሴርቮው የሚፈልገውን የመምጠጥ ኀይል ከየት እንደሚሰጥ ሳይታወቅ አንድም ቡሎን አይፈታ። ሁለተኛ፣ ለተለወጠ ሞተር ሁሉ መዝገብ ይኑረው፤ የፊትና የኋላ ክብደቱ ከለውጡ በፊትና በኋላ፣ የካምቢዮው ዓይነት፣ የራዲያተሩ ልክ፣ በደረቅና ደልዳላ ሜዳ ከታወቀ ፍጥነት ተነሥቶ በስንት ሜትር እንደ ቆመ ይጻፍበት። የሞተሩ ቁጥርም በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር እንዲስማማ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይቅረብ። ሦስተኛ፣ በሙያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከወዳቂ መኪና በትንሽ ወጪ አንድ የውድድር መኪና ይሥሩ፤ የብረት አጥር፣ ቀበቶ፣ የራስ ቁርና የእሳት ማጥፊያ ተሟልቶ፣ ከአውራ ጎዳና ውጭ በተከለለ ሜዳ ይፈትኑት።

የውድድር ጥቅሙ ዋንጫው አይደለም። ረዥም ውድድር በአንድ ቀን የብዙ ወር ድካም በመኪናው ላይ ይጭናል፤ የደከመ ብየዳ ይሰነጠቃል፤ ያነሰ ራዲያተር ይፈላል፤ የሳሳ ሸራ ይቃጠላል። ይህ ሁሉ የሚታየው ተሳፋሪ በሌለበት፣ ገደል በሌለበት፣ ሐኪም በቆመበት ስፍራ ነው። በሜዳ ላይ ያልተገኘ ስሕተት ቁልቁለቱ ላይ መገኘቱ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሜካኒኩ ሳይሆን ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ይሆናል። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲያ ሞተር የተለወጠለት መኪና ከጋራዥ ሲወጣ፣ ለባለቤቱ ቁልፉ ከመሰጠቱ አስቀድሞ፣ «ተነሣ ወይ?» ከሚለው በፊት «ቆመ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።