ቃልና ሚዛን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ትናንት ምን በሉ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ በቢቸናና በሞጣ ግን መልሱ በሦስት ምክንያት ሊያሳስተን ይችላል።

አንደኛ፤ ቤተ ሰቡ ከአንድ ገበታ ስለሚበላ የእያንዳንዱ ድርሻ አይታወቅም፤ ጉርሻም ይጨመርበታል። ሁለተኛ፤ ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ስለሚጾም፥ ሐሙስ የተጠየቀ ሰው ሽሮውን እንጂ ወተቱን አይነግረንም። ሦስተኛ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በኋላ የምትበላው እናት፥ እንግዳ ሲጠይቃት «ተመስገን፥ ጠግበናል» ትላለች።

ስለዚህ መጠይቁን ከማመናችን በፊት፥ በጾምም በፍስክም ቀን በየቤቱ ውለን እንጀራውንና ወጡን እንመዝን፤ ቃሉንም ከሚዛኑ ጋር እናስተያይ። መዝገቡ ከተሳሳተ በወረቀት የጠገበች እናት በቤቷ ተርባ ትቀራለች፤ እርዳታውም ወደ ሌላ ይሄዳል።