ሽፋንና ተሸካሚ፦ የአሮጌ መኪና አካልን በፋይበርግላስና በላሜራ ስለ መተካት



ዛሬ የማቀርበው ንግግር ስለ አሮጌ መኪና አካል ነው። የዛገ ፓራፋንጎ፣ የተበላ ወለል ወይም የተሰበረ ኮፈን ሲገጥመን አዲሱን ክፍል ከላሜራ እንቀጥቅጠው ወይስ ከፋይበርግላስ እናውጣው? ጥያቄው በሌላው ዓለም በአብዛኛው የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ግን የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ያገለገለ አሮጌ መኪና ለማስገባት የሚከፈለው ታክስ እስከ 500 በመቶ እንዲደርስ ተደንግጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ ፔጆና ላንድሮቨር ገና ብዙ ዓመት ሰው ይጭናል። ጥገናው ትክክል መሆን አለመሆኑም ውስጡ የሚቀመጠውን ሰው ይመለከታል።

አስቀድሜ ስለ ሙያው ጥቂት ልበል። መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ያጋጣሚ ነው፤ ይሁን እንጂ መኪናውን በሕይወት ያቆዩት እነዚያው ሲሰደቡ የኖሩት እጆች ናቸው። በጎንደር ዙሪያ፣ በተለይም በወለቃ፣ ቤተ እስራኤላውያን ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት ይታወቁ ነበር። የጋራዡ ቃል በብዛት የመጣው ከጣሊያንኛ ነው፤ ላሜራ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ስቱኮ፣ ሊብሬ፣ ባትላሜራም ጭምር። ጣሊያኖች ጎንደርን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ ቃላቱ ቀሩ። ባትላሜራ የሚለው ቃል ትርጉሙ ላሜራ የሚቀጠቅጥ ማለት ነው። ቀጥቃጭ የሚለው የራሳችን ቃል ስድብ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ትርጉም የያዘው የባዕድ ቃል የሙያ ስም ሆነልን።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። በእኔ አመለካከት ከላሜራና ከፋይበርግላስ የትኛው ይሻላል ብሎ መጀመር ትክክል አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ሊተካ የታሰበው ክፍል ሽፋን ነው ወይስ ተሸካሚ የሚለው ነው።

ሁለት የምናውቃቸውን መኪኖች እናነጻጽር። ቮልስዋገን፣ ሕዝቡ ቮልስ የሚለው፣ አካሉ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነው። አራቱም ፓራፋንጎዎች ብሎናቸው ሲፈታ ይወልቃሉ፤ ቢወልቁም የመኪናው ጥንካሬ አይጎድልም። የሻንሲ ቁጥሩም ከኋላ ወንበር ሥር ባለው የወለሉ ክፍል ላይ ስለ ተመታ፣ ፓራፋንጎ በመቀየር ከሊብሬው ጋር የሚፈጠር ችግር የለም። ላዳ 2101 ግን ከፊያት 124 የተወረሰ ነው፤ የተለየ ሻንሲ የለውም። አካሉ ራሱ ሻንሲ ነው። የፊት ፓራፋንጎዎቹ እንኳ የተያያዙት በብየዳ ነው። ከበሩ ሥር የሚሄደው የጎን ሳጥን፣ የበሩ ምሰሶዎችና ወለሉ ሸክሙን ተካፍለው ይይዛሉ። በሁለቱም መኪኖች ላይ ክፍሉ ፓራፋንጎ ይባላል፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የብረት ግትርነት 200 ጊጋ ፓስካል ያህል ነው። በእጅ የተነጠፈ የመስታወት ጭረት ምንጣፍና ፖሊስተር ሬዚን ግን ወደ 7 ጊጋ ፓስካል ይሆናል። ጠፍጣፋ ነገር ለመታጠፍ ያለው መቋቋም በውፍረቱ ኩብ መጠን ስለሚያድግ፣ ፋይበርግላሱ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወፍር ከላሜራው ጋር ይስተካከላል። ክብደቱ ደግሞ ይቀንሳል፦ አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ 6.3 ኪሎ ግራም ሲመዝን ፋይበርግላሱ 3.6 ገደማ ነው። ይህ ለኮፈንና ለቮልስ ፓራፋንጎ መልካም ዜና ነው።

ነገር ግን ያንኑ ፋይበርግላስ ከዳርና ዳር ይዘን እንሳበው። በመሳብ ጊዜ የሚቆጠረው የውፍረቱ ኩብ ሳይሆን ውፍረቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ግትርነቱ ከላሜራው አንድ ዘጠነኛ ገደማ ይሆናል። በእጅ ሲጫኑት እኩል የሚመስለው ነገር ሸክም ሲመጣበት እኩል አይደለም ማለት ነው። በግጭት ጊዜ ደግሞ ለስላሳው ብረት እየተጣጠፈ ኃይሉን ይውጣል፤ እንዲህ ያለው ፋይበርግላስ ግን ይሰነጠቃል፣ ይሰበራል። በጋራዥ ደጃፍ ክፍሉን በመዳፍ ተጭኖ «ጠንካራ ነው» ማለት በቂ ፈተና የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ሼቭሮሌት ኮርቬት አካሉ በሙሉ ፋይበርግላስ ሆኖ ሊሠራ የቻለው ከሥሩ ሸክሙን የሚይዝ የብረት ሻንሲ ስለ ነበረው ነው።

ፋይበርግላስ በሚገባው ቦታ ሲገባም የደጋውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በደባርቅ የማለዳ ቅዝቃዜ ሬዚኑ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ማጠንከሪያውን ያለ ልክ በመጨመር ማፋጠን ክፍሉን ተሰባሪ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ቀኑ እስኪሞቅ መጠበቅ ይሻላል። ከፍታው ሲጨምር የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ሬዚኑ ያለ ቀለም መተው የለበትም። የሙቀት መስፋፋቱም ከብረት ይበልጣል። 1.2 ሜትር የሆነ ኮፈን ከሌሊት ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ በ30 ዲግሪ ቢለዋወጥ፣ ብረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፋይበርግላሱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ክፍተቱ ሰፋ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ሞላላ፣ ከብሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበትም ሰፊ መሆን አለበት። ሠራተኛውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሊኖረው ይገባል፤ የሬዚኑ ጭስም ሆነ ሲሞረድ የሚወጣው የመስታወት ብናኝ ሳንባን ይጎዳል።

ተሸካሚው ክፍል ሲዝግ መልሱ ብረት ነው፤ ብረት ሁሉ ግን አይደለም። የጣሪያ ቆርቆሮ ከመኪና ላሜራ እጅግ ይቀጥናል፤ ሲበየድም ከዚንኩ የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምመዋል። የዛገው ክፍል ንጹሑ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ መውጣት፣ አዲሱም በመጀመሪያው ውፍረት መሠራት አለበት። ከመቆረጡ በፊት አካሉ እንዳይጣመም ከሥር ተደግፎ፣ የበሩ ስፋት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይለካል። ከብየዳው በኋላ የሳጥኑ ውስጥ በዝገት መከላከያ ይቀባል፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹም ይከፈታሉ። በክረምት ጭቃ የደፈነው ቀዳዳ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋልና።

ከሁሉ የከፋው በዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ነው። ስቱኮ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጉድለት ማስተካከያ ነው። ዝገት ሲሸፍን ግን እርጥበቱን ከውስጥ ያፍናል፣ ጉዳቱን ከገዢም ከመርማሪም ዓይን ይሰውራል። ጎንደሬ ይህን በቀላሉ ይረዳል። በፋሲል ግቢ በኖራ የታነጹትን ግንቦች ጣሊያኖች በሲሚንቶ ጠግነዋቸው ነበር። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ግንቡ እንደ ልቡ እንዲተነፍስ አይፈቅድም። ኋላ የመጡ ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመለሱ። ቁም ነገሩ የአዲሱ ነገር ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ከነባሩ ጋር መስማማቱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ምን ይጠበቃል? ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የአካል ጥገና ስቱኮና ቀለም ሳይነካው በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ምን እንደ ተቆረጠ፣ በምን እንደ ተተካ በወረቀት ሰፍሮ ከመኪናው ጋር ይኑር። ገዢው የሚገዛውን፣ መርማሪው የሚመረምረውን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቻችን በከተማው የሚገኙትን የመኪና ዓይነቶች እየለዩ የትኛው ክፍል ሽፋን፣ የትኛው ተሸካሚ እንደ ሆነ በሥዕል ያዘጋጁ። ሥዕሉ በአማርኛ፣ ባለሙያው በሚጠራበት ስም ይጻፍ። ባትላሜራው ደግሞ ላሜራ በመዶሻ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል፤ ይህ በመጽሐፍ የሰፈረ ዕውቀት ስላልሆነ ተማሪው ከጎኑ ቆሞ ይማረው፣ ይመዝግበው። ስሌቱ ከእኛ፣ እጁ ከእነሱ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው መኪናውን አያድነውም።