ቤት መግዛትና ተስፋ መግዛት



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለመምህር የማይገባ የነጋዴ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን መጥቶ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥዕል በጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። በየወሩ ገንዘብ ብትከፍሉ ከሕንፃው ድርሻ ታገኛላችሁ፤ ማከራየቱንና ማስተዳደሩን ድርጅታችን ይሠራዋል፤ እናንተ ትርፉን ብቻ ትቀበላላችሁ አለን። በዕድሜም በአገልግሎትም የሚቀድሙኝ አንድ መምህር ወረቀቱን ሰጥተውኝ፣ «አንተ የሒሳብ መምህር ነህና እስቲ ተመልከተው» አሉኝ። ደመርሁ፤ አባዛሁ፤ ልክ ነው አልኋቸው። ሒሳቡ በእውነት ልክ ነበረ። ሕንፃው ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። እኒያ መምህር ጡረታ ሲወጡ በእጃቸው የቀረው የደረሰኝ ክምር ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ፣ ያን ጊዜ መጠየቅ የነበረብኝ ምን ነበር? እያልሁ ራሴን ስመረምር ቆየሁ። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያገኘሁት በአሜሪካ አገር በተፈረደ አንድ ፍርድ ውስጥ ነው።

በፍሎሪዳ ግዛት ሐዊ የሚባል ኩባንያ የብርቱካንና የመሰል ፍሬዎች ሰፊ እርሻ ነበረው። እርሻውን በቀጫጭኑ እየከፈለ ይሸጥ ነበር። ከገዢዎቹ የሚበዙት የሌላ ግዛት ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ስለ እርሻ ሥራ ዕውቀት የሌላቸው ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ነበሩ። አንዳንዱ የገዛው መሬት አንድ ኤከር እንኳ አይሞላም ነበር። ከሽያጩ ውል ጋራ ሁለተኛ ውል ይቀርብላቸዋል፤ ይኸውም የኩባንያው እኅት ድርጅት ዛፉን ኰትኵቶ፣ ፍሬውን ለቅሞና ሸጦ ትርፉን እንዲያካፍላቸው ነው። ፍሬው ሁሉ በአንድነት ስለሚደባለቅ፣ የእኔ ዛፍ ያፈራው ይህ ነው ብሎ ለይቶ የሚወስድ ገዢ አልነበረም።

በአሜሪካ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1933 የወጣው ሕግ፣ አክሲዮንና እርሱን የመሰለ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ለሕዝብ የሚሸጥ ሁሉ አስቀድሞ እንዲያስመዘግብና የድርጅቱን ሁኔታ ለገዢው እንዲገልጽ ያስገድዳል። ሐዊ ግን የሚሸጠው መሬት ነው በማለት ሳያስመዘግብ ይሸጥ ስለ ነበር በተቈጣጣሪው ኮሚሲዮን ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1946 በሐዊ ላይ ፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሰው ገንዘቡን በጋራ ሥራ ላይ አውሎ ትርፍን ከሌላው ሰው ድካም ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የገዛው መሬት ሳይሆን ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ነው። የወረቀቱ ስም የነገሩን ባሕርይ አይለውጠውም።

ይህንን ፍርድ በ1975 ከተሰጠው ሌላ ፍርድ ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። በኒው ዮርክ ከተማ ኮ-ኦፕ ሲቲ በተባለው ታላቅ የመኖሪያ መንደር፣ ቤት ለማግኘት የግድ «አክሲዮን» የሚባል ወረቀት መግዛት ያስፈልግ ነበር። ነዋሪዎቹ የወር ክፍያ ሲጨመርባቸው በዚሁ ሕግ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ግን ወረቀቱን የገዙት ሊኖሩበት እንጂ ሊያተርፉበት ስላልሆነ፣ ስሙ አክሲዮን ቢሆንም ሰነደ መዋዕለ ንዋይ አይደለም ሲል ወሰነ። እንግዲህ መሬት የተባለው ሰነድ ሆኖ ተገኘ፤ አክሲዮን የተባለው ደግሞ ቤት ሆኖ ቀረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ አይለወጥም። ስለዚህ የሚቀርብልን ወይ ቤት ነው፤ ወይ ድርሻ ነው፤ ወይ ተስፋ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቍጥር 1248/2013 የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሟል። አክሲዮንና የመሳሰለውን ለሕዝብ የሚያቀርብ ድርጅትም ሁኔታውን የሚገልጽ ጽሑፍ በባለሥልጣኑ እንዲያጸድቅ ደንግጓል። ነገር ግን አንሳሳት። ማስመዝገብ ትርፍን አያረጋግጥም፤ ሕጉ የሚያደርገው መብራት ማብራት ነው፤ በመብራቱ የሚያየው ገዢው ራሱ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሰው ሥዕሉን ይዞ ሲመጣ ሦስት ጥያቄዎች እናቅርብለት። የምገዛው ልኖርበት ነው ወይስ ላተርፍበት? ትርፉ የሚገኘው በማን ድካም ነው? በሌላው ድካም ከሆነስ፣ ይህ ሰው ሥራውንና ዕዳውን ለማን አስታውቋል? ሦስተኛውን መመለስ ካልቻለ፣ ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ወደ ባለሥልጣኑ ሄደን እንጠይቅ።

እኔ አሁን በማሠልጠኛው ትምህርት ቤት ስለ ወለድ ሒሳብ ሳስተምር፣ ዕጩ መምህራኑ መልሱን ካገኙ በኋላ «ቃሉን የሰጠው ማነው?» የሚለውን ጥያቄ በግርጌው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። እኒያ ሽማግሌ መምህር አሁንም ሲያገኙኝ በፈገግታ ሰላም ይሉኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ስለ እርሳቸው ብዬ ነው።