ቃል የታጠፈበት ሕፃን



ልጄ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ አንዲት የክፍሏ ልጅ «አናጫውትሽም» እያለች እንደምታገልላት ነገረችኝ። እኔም ፈተና እያረምሁ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ነገ መጥቼ መምህርትሽን አነጋግራለሁ» አልኋት። አልሄድሁም። በሳምንቱ ልጄ ያችን ሕፃን ገፍትራ ጣለቻት። በዚያ ምሽት «ባለጌ» ብዬ የተቆጣሁት ልጄን ነበር፤ ቃሉን ያጠፈው ግን እኔ ነበርሁ።

ብዙዎቻችሁ ዋልተር ሚሸል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያካሄደውን ሙከራ ታውቁታላችሁ፤ ሕፃኑ ፊቱ የተቀመጠለትን ጣፋጭ ሳይበላ ከቆየ ሁለት ይሰጠዋል። መታገሥ መቻሉም ለረዥም ጊዜ የሕፃኑ የራሱ ጠባይ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር ጨመሩበት። አስቀድመው ለሕፃናቱ የተሻለ የሥዕል መሣሪያ እንደሚያመጡላቸው ቃል ገቡ፤ ለግማሾቹ አመጡ፣ ለግማሾቹ «ለካ የለንም» ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፣ የታጠፈባቸው የቆዩት 3 ደቂቃ ያህል ነው። የተሳተፉት 28 ሕፃናት ብቻ በመሆናቸው ከልክ በላይ ልንደመድም አይገባም። ሆኖም ትዕግሥት የሕፃኑ ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ በጎልማሳው ቃል ላይ ያለው እምነትም መሆኑን ያመለክተናል።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ሕፃን ሲማታ እጁን ያዙ፤ ስም ግን አታውጡለት። «ተናደሃል፤ መማታት ግን አይፈቀድም» ማለት ድርጊቱን ይከለክላል፣ ለስሜቱም መጠሪያ ይሰጠዋል። «ባለጌ» የተባለ ልጅ ግን የሚማረው ስሙን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የተገፋውን ልጅ «ዝም ብለህ ተጫወት» አትበሉት። «አትግፋኝ፤ አልወድም» ማለትን ቤት ውስጥ እየተጫወታችሁ አለማምዱት።

ሦስተኛ፣ አቤት ያለውን ልጅ «አታሳብቅ» ብላችሁ አትመልሱት። ሰሚ ያጣ ልጅ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ እንደ ልጄ በእጁ ይናገራል።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ልጄንም ይቅርታ ጠየቅኋት። ሁለቱ ሕፃናት ወዲያው አልተዋደዱም። ልጄ ግን የደረሰባትን እንደገና ትነግረኝ ጀመር፤ እኔም ስትናገር እስክሪብቶዬን ማስቀመጥ ተማርሁ።