ለመንገድ የሚከፍለው ማን ነው?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



በየማለዳው ከሥላሴ ወጥተን ወደ ፒያሳ የሚሄድ ታክሲ ስንጠብቅ፥ አንድ ሰው ብቻ የያዘ መኪና በፊታችን ተከታትሎ ያልፋል። እኛ በዝናቡም በፀሐዩም ሰልፍ ላይ ነን። ስለዚህ ዛሬ ለመንገድ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ልንጠይቅ ወደድን።

አገራችን በ1943 ዓ.ም. ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገድ ግን እንደ ቤት ነው፤ ካልጠገኑት ይፈርሳል። ለዚህም በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በዐዋጅ ተቋቋመ። ዋናው ገቢው በነዳጅ ላይ የሚጣል ክፍያ ነው።

ባለመኪናው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ከፋዩ እኔ ነኝ» ይል ይሆናል። ነገር ግን አውቶቡሱም ታክሲውም ነዳጅ ይቀዳል፤ ሒሳቡም ዞሮ ዞሮ ከተሳፋሪው ኪስ ይወጣል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ቢወደድ ባለታክሲዎች ሥራ አቁመው፥ መንግሥት ዋጋውን ለመቀነስ የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ በሰልፍ የቆመውም ከፋይ ነው፤ ከፋይ ከሆነ ደግሞ ድርሻ አለው።

«ባቡር ተሠርቶልን የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ አብዛኛውም የቻይና ብድር ነው። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፥ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተዘረጋ። ዳሩ ግን ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ለመግዣ ተበድሮ ለመጠገኛ የማያስብ፥ በሬ ገዝቶ ገለባ እንደሚነፍግ ገበሬ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ከነዳጁ ክፍያ ለከተሞች ከሚደርሰው ጥቂቱ ለአውቶቡስ መግዣና ማደሻ ይዋል። ዐዋጁ ገንዘቡን ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ስለ ወሰነው፥ ይህ የሕግ ማሻሻያ ይጠይቃል። የገጠሩ ድርሻ ግን አይነካ፤ ገበሬው ገና መንገድ አልጠገበም። ሁለተኛ፥ በሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር ይከለል፤ ይህ ከቀለምና ከተቆጣጣሪ በቀር ብዙ ወጪ የለበትም። ሦስተኛ፥ ለመጓጓዣ ብድር በተፈረመ ቁጥር የመለዋወጫው ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ አብሮ ይጻፍ።

የመጀመሪያው ሐሳብ የሚያከራክር መሆኑን እናውቃለን። ጎዳናው ጎድጉዶ ሳለ ለአውቶቡስ ገንዘብ መቀነስ ልክ አይደለም የሚል መምህር ቢኖር፥ ክርክሩን በደስታ እንሰማለን። እኛ የምንለው፥ መንገድ የሚጠገነው ሰው እንዲሄድበት ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ መኪና የለውም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገ ተመርቀን ከመካከላችን መኪና የሚገዛ ይኖራል። በዚያን ጊዜ በሥላሴ በኩል ሲያልፍ፥ ዛሬ የቆመበትን ሰልፍ በመስኮቱ አሻግሮ ይመልከት።