ካርዱን ከመግዛታችን በፊት ሳጥኑን እንክፈት



ሰብሳቢያችን «ስለ ጌም ቤቱ ተናገሩ» ሲሉን ተያይተን ሳቅን። ከተዘዋዋሪ ብድሩ ወስደን ከሠራነው ሁሉ ያበላሸነው እሱን ነውና። ግን ለተመሳሳይ ሥራ ብድር የጠየቁ እህቶች አሉ፣ ገንዘቡም የሁላችን ነው፤ ስለዚህ የሆነውን እንዳለ እንነግራችኋለን።

አራት ሆነን ቤቱን ስንከፍት የገዛናቸው ኮምፒውተሮች ከቢሮ የወጡ፣ ያገለገሉ ነበሩ። ቀን ልጆች በሰዓት እየከፈሉ ይጫወቱባቸዋል፣ ማታ እኛ የሠርግና የልደት ቪዲዮ እናቀናብርባቸዋለን። ልጆቹ «አዲሱ ጌም ይንቀራፈፋል» እያሉ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ሲጀምሩ ግራፊክስ ካርድ ጨምሩ ተባልን። ሥዕሉን የሚሠራው ክፍል ነው፤ በጌም ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ጊዜ ውዱ ዕቃም እሱ ነው። የሦስት ወር ትርፋችንንና ብድሩን ደምረን ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 ገዛን። ደረሰኙ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። አላየነውም አንልም።

ቤት ስንደርስ ካርዱ አልገባም። ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነው፤ በእኛ ሳጥን ውስጥ እስከ ሃርድ ዲስኩ ማስቀመጫ ድረስ ያለው ቦታ ግን 26 ብቻ። ቀሚስ ሲሆን ሳንለካ መቀስ የማናነሳ ሰዎች! ማስቀመጫውን ፈትተን እንደምንም አስገባነው።

የባሰው የኤሌክትሪኩ ነገር ነበር። ይህ ካርድ እስከ 170 ዋት ይበላል። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ስሎት የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ቀሪው ከፓወር ሰፕላዩ በሌላ ገመድ መምጣት አለበት። ባለ 6 ፒን ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን 150 ዋት ይጨምራል። ካርዳችን ባለ 8 ፒን ይፈልጋል፤ ፓወር ሰፕላያችን ደግሞ ያ ገመድ ጭራሽ የለውም። ለካርዱ የሚመከረው 550 ዋት ነው፣ የእኛ 300። አንድ ጎረምሳ «ማገናኛ አለ፣ ርካሽ ነው» ብሎ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ 8 ፒን የሚቀይር ነገር አመጣልን። የዲስኩ ገመድ ጫፍ በ12 ቮልት መስመሩ የሚሸከመው 54 ዋት ያህል ብቻ ነው። ያኔ ይህን የት አውቀን! ጌሙ ተከፍቶ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ልጆች ነበሩ። ከገንዘቡ ይልቅ ዛሬም የሚያስደነግጠን እሱ ነው።

«ፓወር ሰፕላዩን አትቀይሩም ነበር?» ትሉን ይሆናል። ፈልገን ነበር። ነገር ግን ከቢሮ የሚወጡ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የፓወር ሰፕላያቸው ቅርጽም፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ሶኬትም የራሳቸው ብቻ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው መደበኛው አይገጥምም። ካርዱን ለሌላ ጌም ቤት በኪሳራ ሸጥነው። ጉድለቱን ከኪሳችን አዋጥተን ሞላን፤ ብድሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ሣጥኑ ተመልሷል፣ ሒሳቡም ጸሐፊያችን ዘንድ አለ።

ሁለተኛውን ስንገዛ መጀመሪያ ሳጥኑን ከፍተን ለካን፣ የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍና የገመዶቹን ጫፍ በስልክ ፎቶ አነሳን። ሻጩ ፎቶውን ሲያይ አነጋገሩ ራሱ ተለወጠ። የመረጥነው ጂቲኤክስ 1650 ነው፤ 75 ዋት ስለሆነ ከስሎቱ በሚያገኘው ብቻ ይሠራል፣ የሚመከርለትም 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ በዚሁ ስም የሚሸጥ ተጨማሪ ገመድ የሚፈልግም አለ። ካርዱን አገላብጣችሁ ጠርዙ ላይ የፒን ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ከ3060ው በጣም ይደክማል፤ የጌሙን የሥዕል ጥራት ዝቅ አድርገን ነው የምናስጫውተው።

ሞኒተሩንም አትርሱ። የእኛ የቪጂኤ ነበር፣ አዳዲስ ካርዶች ያ ቀዳዳ የላቸውም፤ ተራ ገመድ ሳይሆን ሲግናሉን የሚለውጥ መቀየሪያ መግዛት ነበረብን። ዩፒኤስ ላይ 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈውም 650 ዋት ማለት አይደለም፣ ያንሳል። ፕሮሰሰሩ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ውድ ካርድ ተቀምጦ እሱን ይጠብቃል።

አሁን ሁለት ኮምፒውተሮች ካርድ አላቸው። ከልጆቹ አብዛኞቹ ተመልሰዋል፣ ሁሉም አይደሉም። ሦስተኛውን ቀጣዩ እቁብ ሲደርሰን እናያለን። ካርድ ልትገዛ ያሰበች እህት ካለች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሯን ይዛ ትምጣ፣ አብረን እንከፍተዋለን፤ ሜትሩ መሳቢያው ውስጥ ነው።