ከአይማውዝ ይዘነው የመጣነው ጉዳይ
(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



በነሐሴ ወር ከኤድንብራ በአውቶቡስ ተነሥተን አይማውዝ የምትባለውን የዓሣ አጥማጆች መንደር ጎብኝተን ነበር። መንደሯ በስኮትላንድ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከእንግሊዝ ድንበር ብዙ ሳትርቅ በሰሜን ባሕር ዳር ትገኛለች። ወደቧ ያምራል። አቆስጣዎች ጭንቅላታቸውን ከውኃው ብቅ አድርገው ከጎብኚው ዓሣ ይለምናሉ። ፍልሰታ ስለነበረ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ በመጨረሻ ገሚሶቻችን ዓሣ፣ ገሚሶቻችን ከቤት የያዝነውን ዳቦና ስልስ በላን።

ባሕሩ ዳር ጂል ዋትሰን የተባለች ቀራፂ የሠራችው፣ በ2016 የቆመ የነሐስ ሐውልት አለ። ንጉሥም የጦር አለቃም የለበትም። ትናንሽ ሴቶችና ልጆች ተጠጋግተው ቆመው ወደ ባሕር ያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥቅምት 14 ቀን 1881፣ ዓርብ ዕለት፣ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነጋ። አየሩ ለቀናት ከልክሏቸው የቆዩት አጥማጆች ወጡ። እኩለ ቀን ገደማ ድንገት ማዕበል ተነሣ። በዚያ የባሕር ዳርቻ 189 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 129ኙ የአይማውዝ ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ጀልባዎች ወደቡ አፍ ላይ ደርሰው ከድንጋይ ጋር ሲላተሙ ሚስትና እናት ቆመው ያዩ ነበር።

እነዚያ ሴቶች ባል ብቻ አይደለም ያጡት። በረጅሙ ገመድ ላይ ያለውን መንጠቆ ሁሉ አንድ በአንድ የዛጎል ሥጋ የሚሰኩበት፣ ዓሣውንም በቅርጫት ተሸክመው የሚሸጡት እነሱ ነበሩ። ጀልባው ሲሰምጥ ሥራቸውም አብሮ ሰጠመ።

ከየአገሩ ከ50,000 ፓውንድ በላይ ተዋጣላቸው። እኛን ያስገረመን አከፋፈሉ ነው። በአንድ ጊዜ ታድሎ አላለቀም፤ ባል የሞተባት በየሳምንቱ 5 ሺሊንግ፣ ለልጆቿም ተጨማሪ ታገኝ ነበር። መቶኛ ዓመቱ ሲደርስ ደግሞ 24 የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው ታሪኩን በጥልፍ ሠሩት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ወሬ ቀዝቅዞ ነበር። ዓምና ባለቤቷ ያረፈባት አንዲት እህታችን እንዲህ አለችን፦ «አዳራሽ ተከራያችሁልኝ፣ ንፍሮ ቀቀላችሁልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአርባው በኋላ ግን ኪራዩ እንዴት ሆነ ያለኝ ሰው የለም።»

መልስ አልነበረንም። በደንባችን ለሐዘንተኛ የምንሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም አብዛኛው ለለቅሶው መስተንግዶ ይውላል።

ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የመስተንግዶው ወጪ ይቀነስ፣ የተረፈው ለሐዘንተኛዋ ለአንድ ዓመት በየወሩ ይከፈላት። ለቅሶው ይደኸያል የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እኛም መካከል አሉ። ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን በሁለቱም መንገድ ሠርታዋለች፤ ወረቀቱ ከቡና በኋላ ይታደላል።